የመሳቢያው ቁልፍ እኔ ጋ ነበር

አዴ ሲንቄን አምቦ ውስጥ የሚያውቃት ካለ በጎበጠ ጀርባዋ ነው። ድርጅታችን ከጉደርና ከጊንጪ ተለቅሞ የሚመጣ የፕላስቲክ ኮዳ ለይቶ፣ ጨምቆ አዲስ አበባ ላለ ኩባንያ ይሸጣል። ክዳን የሚፈቱት አሥራ ሁለት ሴቶች ሲሆኑ ትልቋ እሷ ነበረች። ደንዲ ተወልዳ፣ ባሏ ሲሞት ልጇን መቲን ይዛ አምቦ ገባች፤ አሳድጋ፣ አስተምራ ባኮ ዳረቻት። እሑድ ጸሎት ቤት፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክዳን። ለማንም ክፉ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ እኔ ብሆን ኖሮ ብዙ እናገር ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ኦቦ አዱኛ ሰው ሲቀጥር፣ «መታወቂያሽን እዚህ አስቀምጪ፣ ቆሻሻው መሃል እንዳይጠፋብሽ» ይላል። አዛኝ ቅቤ አንጓች። አንዴ የገባ መታወቂያ አይወጣም። በዚያ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ያለ መታወቂያ የትም አይኬድም፤ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ያወርዱሃል፣ ሌላ ቦታም የሚቀጥርህ የለም። ስለዚህ ሴቶቹ እያመማቸውም ይሠሩ ነበር፤ እሑድ ግቡ ሲባሉም ጸሎታቸውን ትተው ይገባሉ። መታወቂያዎቹ ያሉበትን መሳቢያ ቁልፍ የያዝኩት እኔ ጸሐፊዋ አመለሸጋ ነኝ። የታዘዝኩትን ነው የምሠራው እል ነበር። ሰነፍ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

የካቲት ላይ መቲ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ፣ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ባኮ ሐኪም ቤት አስተኟት። ሰኞ ጠዋት አዴ ሲንቄ ቢሮ መጣች።

«ልጄ ብቻዋን ናት። መታወቂያዬን ስጡኝ፣ ልሂድ።»

አዱኛ ከስልኩ ቀና አላለም። «ሐሙስ እንግዳ አለብን። ከዚያ በኋላ እናያለን።»

«ምጥ ሐሙስን አይጠብቅም።»

«አንቺ ሐኪም ነሽ እንዴ?» አላት። የራሱ ሚስት ስትወልድ ሦስት ሳምንት ከቢሮ የጠፋ ሰው ነው እንግዲህ።

እንግዳዋ ናኦሚ ትባላለች። ፕላስቲኩን የሚገዛን ኩባንያ፣ ዕቃ በሚያቀርቡለት ድርጅቶች ውስጥ ተገዶ የሚሠራ ሰው እንዳይኖር እንድታጣራ የላካት ናት። አዱኛ ለእሷ ሲል «በዚህ ግቢ የግዳጅ ሥራ የለም» የሚል ወረቀት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሞ፣ በላስቲክ አስለብጦ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ከሴቶቹ ማንበብ የሚችሉት ሁለቱ የሚያነቡት የኦሮምኛውን ፊደል ቁቤን ብቻ ነው። ለማን እንደተሰቀለ እግዜር ይወቀው። ከዚያ አሰልፎ «ደስ ብሎን ነው የምንሠራው» ማለትን አስጠናቸው፣ እንደ ሕፃን።

ሐሙስ ናኦሚ አዲስ ቡትስ ጫማዋን አድርጋ መጣች። ሴቶቹ ያጠኑትን ተራ በተራ አሉላት። ፎርሟ ላይ የመታወቂያ ቁጥር የሚሞላበት ቦታ ነበር፤ አዴ ሲንቄ ጋ ስትደርስ ቁጥሩን ጠየቀቻት።

«መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል» አለች አዴ ሲንቄ፣ የአማርኛውን ቃል እየፈለገች። «ልጄ ጋ ልሂድ ብል ከለከሉኝ።»

አዱኛ ሳቅ ብሎ «ለደህንነታቸው ነው» አለና ወደ እኔ ጠቀሰ። በላስቲክ የታሰሩትን አሥራ ሁለት መታወቂያዎች አመጣሁ። ናኦሚ ለምን እኔ ጋ እንደተገኙ አልጠየቀችም። ቁጥራቸውን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገልብጣ ለየባለቤቶቹ አደለችና፣ ጉድለት በሚለው ሥር «የእሳት ማጥፊያ የለም» ብላ ጻፈች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ከአዱኛ ጋር ምሳ ሊበሉ ተነሡ።

ሲወጣ በዓይኑ አዘዘኝ፤ መታወቂያዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። አሥራ አንዱ ሴቶች መለሱልኝ። አዴ ሲንቄ ግን የራሷን ጡቷ ሥር ሸጉጣ፣ «ይህን የሰጠኝ ቀበሌ ነው» ብላ በበሩ ወጣች። አዱኛ ከመኪናው ወርዶ «ሂጂና ተቀበያት» አለኝ። እኔም የአሥራ አንዱን ቆልፌባቸው ሮጥኩ።

መናኸሪያ ስደርስ ባኮ የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች።

«አዴ ሲንቄ፣ መታወቂያውን ይመልሱ ብሏል።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ያየችኝ ግን በሐዘን ነው።

«አመሌ፣ ያንቺስ የት ነው?»

የእኔም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ ከተቀጠርኩበት ቀን ጀምሮ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስዞር ላወጣው እንደምችል አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ሴቶቹን በልቤ ምነው እንዲህ ፈዘዙ እላቸው ነበር፤ እነሱ እንኳ ቁልፍ አልነበራቸውም። አውቶቡሱ ወጣ።

አዴ ሲንቄ በሰዓቱ ደርሳለች። መቲ በማግስቱ በኦፕራሲዮን ስትወልድ እናቷ በር ላይ ነበረች።

እኔ ከመናኸሪያ ስመለስ አዱኛ ገና ከምሳ አልመጣም። መሳቢያውን ከፈትኩና መጀመሪያ የራሴን አወጣሁ። የአሥራ አንዱን ይዤ ወደ ሴቶቹ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጬ ብጽፈው ከአዱኛ በምን እሻላለሁ።