ትራንክ ውስጥ የኖረው ነጭ ዱላ

ልጅ እያለሁ ነጭ ዱላዬ የሚኖረው በመኪናችን የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ትራንክ ውስጥ ነበር። ከክሪኩ፣ ከውሃ እሽጉና ከአንድ አሮጌ ብርድ ልብስ ጋር ተዳብሎ ይኖራል። ቅዳሜ ጠዋት ይወጣል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተመልሶ ይገባል። በሌሎቹ ቀናት መኪናው በታጠፈ ቁጥር ከኋላዬ ወዲያና ወዲህ ሲንከባለል እሰማው ነበር። ሰሞኑን እናቴ ያችን መኪና ልትሸጥ ስታጸዳ ከብርድ ልብሱ እጥፋት ውስጥ የዱላውን ጫፍ አገኘችው፤ ተበልቶ ያለቀ፣ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ የፕላስቲክ ቁራጭ። መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝና ወደ ጽዳቷ ተመለሰች።

ከደሴ በዲቪ ወደ አትላንታ ስንመጣ እኔ ገና እየዳህኩ ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ያለፈ አላይም። የከተምነው ከከተማዋ ዳር ባለችው የስደተኞች ሰፈር፣ ክላርክስተን ነው፤ በኛ ጊዜ እዚያ ያደገ ሰው ያንን አፓርትመንት ሳልነግረውም ያውቀዋል። የታችኛው ፎቅ ሶማሌዎች ሩዝ ውስጥ የሚጨምሩት ሄልና ቅርንፉድ፣ የበርማዎቹ የዓሣ ጥብስ፣ ከልብስ ማጠቢያ ክፍሉ የሚወጣው የሳሙና እንፋሎት፣ ከእኛ በር ደግሞ የሽንኩርት ቁሌት። የበር ቁጥር ሳያስፈልገኝ ቤቴን በአፍንጫዬ አገኝ ነበር። ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ስንወርድ ከሐበሻ ልጆች ጋር ድብብቆሽ እንጫወታለን። ዓይኗን መሸፈን አያስፈልጋትም ብለው ሁልጊዜ ፈላጊ የሚያደርጉት እኔን ነው። «ኩኩሉ» ስል «አልነጋም» ብለው ይመልሳሉ፤ ያቺ «አልነጋም» ከየትኛው ጥግ እንደመጣች ወዲያው ስለማውቅ አንድ በአንድ እየሄድኩ እለቅማቸዋለሁ። በኋላ ነቁብኝና መመለሱን ተዉት። ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ፤ በእኔ በኩል የሚገባው በጆሮ ነው።

እናቴ ከድጃ ትባላለች። ያኔ ኤርፖርት ውስጥ ምግብ ቤት ትሠራ ነበር። አባቴ ታክሲ ስለሚነዳ ቤት አይገኝም፤ እኔን ማመላለስ የእሷ ድርሻ ነው። ስትመራኝ የእጄን አንጓ ይዛ ትጎትተኛለች። ሰው መሀል ስንገባ ደግሞ የማይ እንድመስል «ቀና በይ» ትለኛለች። ዱላውን የሰጠችኝ በትምህርት ቤት ብሬል የምታስተምረኝ መምህር ነበረች፤ እናቴ አመስግና ተቀብላ በቀጥታ ትራንክ ውስጥ ከተተችው። በልጅነቷ የምታውቃቸው ዱላ የያዙ ዓይነ ስውራን ሁሉ ጁምዓ ጁምዓ መስጊድ በር ላይ ተቀምጠው የሚለምኑ ነበሩ። የከድጃ ልጅ ዱላ ይዛ ታየች የሚለው ወሬ ከአትላንታ ተነሥቶ ደሴ ለመግባት አንድ የስልክ ኮሊንግ ካርድ ይበቃዋል። አያቴ ጋ ስንደውል «ዓይኗን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት» ትላት ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። ምንም የሚያመኝ ነገር አልነበረም።

አሥር ዓመት ሞልቶኝም ምግብ የምበላው በእሷ እጅ ነው። ጉርሻ የክብር ነው ይባላል። የእኔው ግን ልብሴ ላይ እንዳላፈስ ነበር።

ወደ ማኅበሩ የወሰደችን ያችው የብሬል መምህር ናት። የመላው ጆርጂያ ዓይነ ስውራን ማኅበር ነው፤ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው። የእኛው ቅርንጫፍ ቅዳሜ ቅዳሜ አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ ባለ ቤተ መጻሕፍት የኋላ ክፍል ይሰበሰባል። ጠዋት ልጆቹ በዱላ መሄድ እንለማመዳለን፤ ከዚያ የትልልቆቹ ስብሰባ ይቀጥላል። ክፍሉ የአሮጌ ምንጣፍና የወረቀት ሽታ አለው፣ በመሀሉ ደግሞ የሚስ ሎሬታ የፔፐርሚንት ከረሜላ። ሚስ ሎሬታ ሊቀ መንበራችን ነበሩ፤ ከደቡብ ጆርጂያ ገጠር የመጡ ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት፣ እንደ እኔ ከተወለዱ ጀምሮ የማያዩ። ሕጋቸው ጥብቅ ነው። ማንም ሰው ስሙን ሳይናገር ንግግር አይጀምርም። ማንም ሰው ሳይጠየቅ ማንንም አይዝም፤ መመራት የፈለገ ክርን ይጠይቃል። ክፍሉ ውስጥ ግራ የሚገባት እናቴ ብቻ ነበረች። ለሰላምታ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ማንም አይመልስላትም። ሐሳብ ሲኖራት እጇን ታወጣለች፣ ማንም አያይላትም። በር አጠገብ ቦርሳዋን ታቅፋ ትቀመጥና ስብሰባው ሲያልቅ ቀድማ ትነሣለች።

ማኅበሩ የአሜሪካ ክረምት፣ ብርዱ፣ በመጣ ቁጥር አንድ ትልቅ ሥራ አለው። የስቴቱ ሕግ አውጪዎች በሚሰበሰቡበት ሰሞን ከየቅርንጫፉ ሰው ተውጣጥቶ ወደ ምክር ቤቱ ሕንፃ፣ ካፒቶሉ፣ ይሄዳል፣ የሚፈልገውን ይጠይቃል። የዚያን ዓመት ጥያቄው የብሬል መምህር ነበር። የእኔ መምህር በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር የምትመጣው፤ በቀሩት ቀናት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የሌሎቹን እርሳስ ድምፅ እሰማለሁ። የእቅድ ስብሰባው ላይ ማን የትኛው ቢሮ እንደሚገባ፣ ቫኑን ማን ቀድሞ እንደሚያስይዝ፣ ማን ስንት ደቂቃ እንደሚናገር ሲከራከሩ ቆዩና ሚስ ሎሬታ ከመካከላቸው አንድ ተማሪ ይናገር አሉ። «ሰሚራ ትችላለች» አለ አንድ ሰው፣ ስሙን ከተናገረ በኋላ። ሰሚራ እኔ ነኝ። በሕይወቴ ምንም ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም።

«ደስ ይላል። ዱላዋን ይዛ ትገባለች» አሉ ሚስ ሎሬታ።

እናቴ ተነሣች። ወንበሯ ሲንኳኳ ሰማሁ። «ንገሪያቸው፣ እኔ ነኝ ይዤሽ የምገባው። ዱላ አያስፈልግም በያቸው» አለችኝ በአማርኛ። የእናቴ አስተርጓሚ እኔው ስለሆንኩ ተረጎምኩ። ሚስ ሎሬታ ረጋ ብለው መለሱ፤ መምህር ስጡን ብለን የምንጠይቀው ራሳችንን ችለን መሄድ እንድንችል ነው፣ እጇን ተጎትታ ገብታ ያንን ብትናገር ማን ያምናታል አሉ። እሱንም ተረጎምኩ። «እንግዲያው አትሄድም» አለች እናቴ። ይህንን አልተረጎምኩትም፤ ግን ድምፅዋ ራሱ በቂ ነበር። ሚስ ሎሬታም ምሳ እንብላ አሉ።

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ሽማግሌ ሴት ማስቀየሟ ከነከናት። ከብራይርክሊፍ መንገድ ሐበሻ ሱቅ በተገዛ እንጀራ ምስር ወጥ ይዛ መጥታ ነበር፤ ትልቅ አድርጋ ጠቀለለችና ወደ ሚስ ሎሬታ ሄደች። የኛ ሰው እንዲህ ነው የሚታረቀው። ስሟን አልተናገረችም። አገጫቸውን በግራ እጇ ደገፍ አድርጋ ጉርሻውን በቀኝ አፋቸው ላይ አስጠጋችው።

የሚስ ሎሬታ ወንበር ወደ ኋላ ተንሿጠጠ። ሹካቸው ወለሉ ላይ ወደቀ። «ማን ነው? ስምህን ተናገር!» ብለው ጮኹ።

የሆነውን እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። ሚስ ሎሬታ በልጅነታቸው በአዳሪነት የተማሩበት ትምህርት ቤት ውስጥ ራሳቸው መብላት አይችሉም ተብለው እንደ ሕፃን በማንኪያ ይጎርሱ እንደነበር ነገሩን። ከዚያ ወጥተው ከሄዱ ጀምሮ የሰው እጅ አፋቸው ጋ ደርሶ እንደማያውቅ ተናገሩ። ለእናቴ ተረጎምኩላት። «ወላሂ አክብሬያቸው ነው! እንደሱ አይደለም በያቸው። ለሚያይም ሰው እናደርገዋለን። ለባል፣ ለአማት፣ ለሙሽራ» አለች።

«የሚያይ ሰውም ታጎርሳላችሁ?»

«አዎ።»

«እነሱስ መልሰው ያጎርሷችኋል?»

«እንዴታ። አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

«እንግዲያው ይቺ ልጅ ታጎርስሻለች?» አሉ ሚስ ሎሬታ።

ይህንን ጥያቄ መተርጎም የነበረብኝ እኔ ነኝ። «እኔ አጎርስሻለሁ ወይ ነው የሚሉት» አልኳት። እናቴ የምስሩን ዕቃ ክዳን ስትነካካ ሰማሁ። እኔም የማውቀውን መልስ አልጨመርኩም። በመጨረሻ ሚስ ሎሬታ እጃቸውን ዘርግተው እንጀራው የት እንዳለ ጠየቁና በማያውቅ እጅ ቀደው፣ ግማሹን የእናቴ ሂጃብ ላይ አራግፈው፣ ግማሹን አፏ ውስጥ ከተቱት። እናቴ ሳቀች። ስለ ዱላው ግን ማንም አላነሣም፤ ስንመለስ እንደተለመደው ትራንኩ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

የካፒቶሉ ቀን ጠዋት ወስዳኝ ሄደች። ለምን ሐሳቧን እንደቀየረች አልነገረችኝም። እኔም ልትወስደኝ የወሰነችው በእጇ ይዛኝ ልትገባ ይሁን በዱላ ልትለቀኝ ለመጠየቅ ፈራሁ፤ ከኋላዬ የሚንከባለለውን ብቻ አዳምጣለሁ። መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ገባንና መስኮቱን አወረደች። ጎርነን ያለ፣ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«እንዴ፣ ከድጃ! እዚህ ምን እግር ጣለሽ? ፍርድ ቤት ለጁሪ ዱቲ ጠርተውሽ ነው እንዴ?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጋሽ ኡመር ነበር፤ የደሴ ሰው፣ የመስጊዳችን ሰው፣ በዚያ ፓርኪንግ የሚሠራ። ጠዋት ለጋሽ ኡመር የተነገረ ነገር ከመግሪብ ሶላት በፊት ሰፈር ያዳርሳል።

«አይ ጋሽ ኡመር፣ ፕሮግራም አለን» አለች እናቴ።

«ምን ፕሮግራም?»

ሞተሩን አጠፋች። ወረደች። በመኪናው ጎን ወደ ኋላ ስትሄድ ጫማዋን ተከተልኩት፣ ከዚያ ትራንኩ ተከፈተ። «ልጄ ካፒቶል ገብታ ልትናገር ነው» አለች። «ዓይነ ስውር ናት። ዱላዋን ላውጣላት ብዬ ነው።»

ያንን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እሷም ስትለው የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። ጋሽ ኡመር «ማሻአላህ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «እንግዲያው እዚህ ፓርክ አታድርጊ፣ ለበሩ የሚቀርብ ቦታ ልስጥሽ፣ ልጅቷ እንዳትደክም» አላት።

«ትሄዳለች። እግር አላት» አለች እናቴና ዱላውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ብርድ ልብሱን ብርድ ልብሱን ይሸት ነበር።

መንገዱን ስሻገር ከኋላዬ እንደነበረች አውቃለሁ። ደረጃው ጋ ስደርስ ትንፋሿን ስባ ያዘችው፤ እጇ ግን አልመጣም። ውስጥ ገብቼ ስሜን ተናግሬ የተናገርኩት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። የምክር ቤቱ አባል ጎበዝ ብሎ ከረሜላ ሰጠኝ፤ ሚስ ሎሬታ ከረሜላ መልስ አይደለም ብለው መልሱን መቼ እንደሚሰጠን ጠየቁት። በዓመቱ መምህሯ በሳምንት ሦስት ቀን መምጣት ጀመረች። በእኔ ንግግር ነው አልልም፤ ብዙ ሰው ብዙ ክረምት ተመላልሷል። ያን ቀን ምሳ ላይ ግን ጠቅልዬ ወደ እናቴ ዘረጋሁ። መጀመሪያ ጉንጯን አገኘሁ፣ ከዚያ አፍንጫዋን። እጄን ይዛ አላስተካከለችኝም፤ አፏን ከፍታ ጠበቀችኝ። ውጣ ስትጨርስ «ድገሚኝ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለችኝ።

ዛሬ ያንን የክረምት ጉዞ የማቅደው እኔ ነኝ። ግማሹ ስብሰባ ዙም ላይ ስለሆነ የቤተ መጻሕፍቱን ምንጣፍ ሽታ የማናገኝበት ወር አለ፤ ስም ከመናገር በፊት ደግሞ «ሚዩት ነሽ»፣ ድምፅሽ ተዘግቷል፣ የሚባል አዲስ ሰላምታ መጥቷል። ሚስ ሎሬታ ካረፉ ቆይተዋል። ፔፐርሚንት ሲሸተኝ አሁንም ቀና ብዬ እቀመጣለሁ። ያኔ ቀና በይ የምትለኝ እናቴ ነበረች፤ አሁን ማንም ሳይለኝ ነው። የእሷ ቦታም ከበሩ አጠገብ አይደለም። ምሳውን የምታከፋፍለው እሷ ናት፣ ማንንም ስሟን ሳትናገር አታጎርስም። «ከድጃ ነኝ» ትላለች፣ ትጠብቃለች፣ ሰውየው እሺ ካለ ይጎርሳል። እኔንም እንደዚያው።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሐበሻ ሴት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ሲራመድ ጫማው ይጎተት ስለነበር የእጁን አንጓ ይዛ እንደምትስበው አወቅሁ። በር አጠገብ ተቀመጡ። ምሳ ሲደርስ የእናቴ እርምጃ ወደዚያ ሄደ።

«ከድጃ ነኝ» አለች።

«እኔ አያለሁ እኮ» አለች ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ።

«አውቃለሁ እህቴ። እዚህ ቤት ደንቡ ነው። ጉረሺ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዱላው ትራንክ ውስጥ ነው፣ አይደል?»

ከሴትዮዋ ቦርሳ የመኪና ቁልፍ ሲወጣ ሰማሁ።