የእንግሊዝኛው አንቱ

እንግሊዝኛን የጠላሁት ለሽማግሌውም ለሕፃኑም እኩል "ዩ" ስለሚል ነው። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ቶሮንቶ በገባሁ በዓመቴ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ለሙከራ ቀጠረኝ። ሰማንያ ዓመት የሞላውን ሰው "ዩ" ማለት አፌ እንቢ ስላለኝ፣ ዝም ብዬ አጥባለሁ፣ ዝም ብዬ አጎርሳለሁ። አለቃዬ ጠራችኝና፣ "ሰዎቹን አታናግሪያቸውም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻሻልሽ እናሰናብትሻለን" አለችኝ።

ያን ሰሞን የቋንቋ አስተማሪዬ ለጆሮሽ ይጠቅምሻል ብላ አንድ ካሴት አዋሰችኝ። አንድ እንግሊዛዊ ዘፋኝ፣ አንድ ጊታር፣ በአንዱ ገጽ ሦስት ዘፈን ብቻ። ስለ ወንዝ፣ ስለ በረዶ፣ ተለያይተው ስለቀሩ ሰዎች ሳይቸኩል ያወራል። ግጥሙም ታትሞ አብሮት አለ። ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ግን አልቻለችውም።

"ኧረ በናትሽ ስቶፕ አድርጊው! ይኼ ዘፈን ነው ስብከት?"

ስለዚህ አውቶቡስ ውስጥ በዎክማን እሰማው ጀመር። "ዚ" የምትለውን ቃል ያገኘሁት እዚያ ነው። ዘፋኙ የሚወዳትን ሴት "ዩ" አይላትም፤ "ዚ" ይላታል። የግጥሙን ወረቀት አየሁ፤ "thee" ይላል፤ አልተሳሳትኩም። ለካ እንግሊዝኛም አንቱ አለው! ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

በማግስቱ፣ ከሰሜን እንግሊዝ የመጡና ከማንም ጋር የማያወሩ አንድ ሽማግሌ ፊት ጎንበስ አልኩና፣ "ዚ" ብዬ ፊታቸውን ልጠባቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ትክ ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም" አሉ።

"ለአክብሮት ነው" አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። "የለም የኔ ልጅ፣ በእኛ መንደር ለትልቅ ሰው 'ዚ' አይባልም። ለእናት፣ ለወንድም፣ ለራስ ሰው ነው።"

አንተ ብያቸው ነበር ማለት ነው! አያቴ የሚሆኑትን ሰው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ይቅርታ ጠይቄ ወደ "ዩ" ልመለስ ስል እጄን ያዙኝ።

"ተይ፣ አትቀይሪው" አሉ።

አለቃዬ ከበሩ ላይ ቆማ ስናወራ ሰማች፤ ስለ ማሰናበትም ዳግም አላነሳችም። ያን ካሴትና ያዋሰችኝን አስተማሪ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ሽማግሌውን አመሰግናለሁ። እስኪያርፉ ድረስ ሦስት ዓመት አወራን። በዕድሜዬ አንተ ያልኩት ሽማግሌ እሳቸው ብቻ ናቸው።