ጨለማውን ያደነቀችው እናት

አየች! እሰይ፣ አየች! ቀስ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን ደስታ ወረፋ አይጠብቅም። ያየችው የ“ጨለማዋ” እናት ናት።

“ጨለማዋ” የምንላት እኛ የሥራ ባልደረቦቿ ነን፤ ጥቁር መጋረጃ በተዘጋባት ጠባብ ክፍል ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራ ስለምትውል። ሴሎች ላይ ቀለም ታንጠባጥባለች። ቀለሙ ብቻውን ሲሆን ብርሃኑ እዚህ ግባ አይባልም፤ ዲኤንኤ ላይ ሲለጠፍ ግን፣ ልዩ ጨረር ሲያርፍበት፣ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ይላል። ጨረሩ ከበዛበት ደግሞ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከወንበሯ በተነሳች ቁጥር የጨረሩን መዝጊያ ትዘጋለች፤ እጇ ለምዶታል።

አንድ ቀን እናቷን ይዛ መጣች።

“ነይ እማዬ፣ ስንት ዘመን ምን ላይ አፍጥጬ እንደምውል እይልኝ።”

እናት አጎንብሳ አየችና፣ “ውይ፣ እንዴት ያምራል! እጅሽ ይባረክ!” አለች።

ልጅ ዓይኗ መዝጊያው ላይ አረፈ። እንደ ልማዷ ዘግታዋለች። እናቷ ያደነቀችው ድቅድቅ ጨለማውን ነው!

ያኔ ሁሉም ተገለጠላት። እናቷ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ መደገፏ፣ “ክሩን መርፌው ውስጥ አንቺ አስገቢልኝ፣ እኔ ሰነፍኩ” ማለቷ። የዓይን ሞራ ጋርዷት፣ ልጄን አላስጨንቅም ብላ ያላየችውን “አየሁ” እያለች ኖራለች። ልጅ ስለ መዝጊያው ትንፍሽ አላለችም። ለምና፣ ተቆጥታ፣ አኩርፋ፣ በመጨረሻ ለቀዶ ሕክምና እሺ አሰኘቻት።

የእናቷ ዓይን ሲሽር ግን ሌላ ፍርሃት መጣባት፤ ባይበራላትስ? ባይበራላትም “አየሁ” ብትለኝስ?

ዛሬ ጠዋት መልሳ አመጣቻት። ከጉንጯ ውስጥ በጥጥ ጠረግ አድርጋ ወሰደች፣ ቀለሙን ጨመረች፣ አስተካከለች። መዝጊያውን ግን አውቃ ዘጋችው።

“እንዴት ነው እማዬ?” አለች።

እናት ቀና አለች። “ትቀልጂብኛለሽ እንዴ? ጨለማ ነው እኮ! መብራት ጠፋባችሁ?”

ልጅ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች፤ መዝጊያውን ከፈተችው። “አሁን እይ፤ ጨረሩ ከበዛበት ግን ይደበዝዛል።”

እናት እንደገና አጎነበሰች። “ይሄን ሁሉ ሰማያዊ ምስር ማን በተነው?”

“ያንቺው ነው፣ ከጉንጭሽ የወሰድኩት።”

“የኔ ጉንጭ ይሄን ሁሉ ይዞ ነው ዝም ያለው?”

“መቼ ዝም ብሎ ያውቃል!”

“አፈር ስሆን፣ ዝጊው፤ እንዳይደበዝዝብሽ።” ልጅ እጇን ስትዘረጋ ግን፣ “ቆይ! ቆይ፣ ትንሽ ልይ!”

እናት እስካሁን ከማይክሮስኮፑ አልተነሳችም። የልጅቷ አክስት ደግሞ ገና አልሰማችም፤ የውጭ ጫማዬ የት ገባ? ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልሩጥ!