ለክሊኒኩ የታረደችው ፍየል

ከቆቦዋ ሮቢት በታች ካለው ቀዬያችን የወጣሁት ከመግሪብ በኋላ ነው። እህቴ ጦይባ ልጇን ከቀበረች ሳምንት አልሞላትም። ወደ አሰብ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ስንጠላጠል «ሂድ፣ አብሽር» አለችኝ እንጂ አላለቀሰችም። ለልቅሶስ ጉልበት ማን ነበረው? እናንተ አገር ቤት ያላችሁም፣ እንደኔ ባሕር የተሻገራችሁም፣ ምን አስወጣህ ስትሉኝ «ረሃቡ» እያልኩ ሳልፍ ኖሬአለሁ። እኔን ያስወጣኝ ግን ግብዣ ነው።

በዚያ በስልሳ ስድስቱ ክፉ ቀን፣ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ በጎ ፈቃደኛ ነን የሚሉ ፈረንጆች ክሊኒክ ለማሠራት ቦታ ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። ቆቦ ተምሬ እንግሊዝኛ ስለቀማመስኩ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። አብሯቸው የመጣው የአውራጃው ሹም ገና ከመኪናው ሳይወርድ ጀመረኝ።

«ረሃብ ብለህ እንዳትተረጉም።»

«ታዲያ ምን ልበል፣ ጌታዬ?»

«ዝናቡ ትንሽ ዘግይቷል በል።»

የእሱስ ይሁን፣ እንጀራው ነው ያናገረው። ያበገኑኝ የኛዎቹ ናቸው። በቀዬው የቀረችው አንዲት ፍየል የጦይባ ነበረች። የጦይባ ጡት ስለደረቀ ልጇ በሕይወት የቆየው በዚያች ፍየል ወተት ነው። እንግዶቹ ሊመጡ ዋዜማ፣ የቀዬው ሽማግሌ አጎቴ ሸህ እንድሪስ ትታረድላቸው አሉ።

«አጎቴ፣ ችግራችንን ሊያዩ አይደል የሚመጡት? ባዶ ቤታችንን ይዩት» አልኩ።

«እንግዳ ባዶ ቤት አይገባም። ከሞቱ አሟሟቱ፣ ልጄ። ክሊኒኩ ሲሠራ ልጁም ይድናል።»

ጦይባ ገመዱን ራሷ ፈትታ ሰጠቻቸው። ሰዉ ሁሉ ታጥቦ፣ ያለችውን ነጭ ለብሶ ወጣ። በሽተኞቹን የእንግዳ ፊት እንዳያስቀይሙ ብለው ጓዳ ደበቋቸው። ክሊኒክ ለሚለምኑበት ቀን በሽተኛ የሚደብቅ ሕዝብ ከኛ ሌላ የት ይገኛል?

ፈረንጆቹ መሬቱን ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ከጥብሱም ቀመስ ቀመስ አደረጉ። ረጅሙ አለቃቸው ጣቱን በመሐረብ እየጠረገ፣ «እነዚህ ደህና ናቸው፣ በሽተኛም አላየንም። የባሰበት ቦታ እንሂድ» አለ።

በሽተኞቹ ጓዳ እንዳሉ፣ የበላውም የሕፃን ወተት እንደሆነ በምችለው ሁሉ ነገርኩት። አላመነኝም፤ ዞሮ ሸህ እንድሪስን እንግሊዝኛ በማያጣው ሹም በኩል አስጠየቃቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» አሉ ሸህ እንድሪስ።

ሹሙ ደስ እያለው ተረጎመ። መኪናቸው አቧራውን አልብሶን ሄደ። ልጁ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ሸህ እንድሪስ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው «እንግዶቹ ግን ተደስተው ነው የሄዱት» ሲሉ ሰማሁ፤ ያን ጊዜ አገሩ አንገሸገሸኝ።

አሁን የመን፣ ሁዴይዳ ነኝ። ሙቀቷ የቆቦ ነው፣ የማታው ነፋስ ግን የላትም። ኹብዝ የሚሉት ዳቦም እንደ ማሽላ ቂጣችን ሆድ አይዝም። አከራዬ ገና የመጣሁ ቀን ከላይ እስከ ታች አይቶኝ፣ «ከዚያ ከተራበው አገር ከሆንክ እንዴት አልከሳህም?» አለኝ።

«እኛ እንግዳ ሲያየን እንወፍራለን» አልኩት። ሳይስቅ ኪራይ ጨመረብኝ።

ከዓመታት በኋላ ሰሞኑን ጦይባን በስልክ አገኘኋት። ቆቦ ድረስ መጥታ ነው የጠበቀችኝ።

«ሁሴኔ፣ ክሊኒክ የሚያሠሩ ሰዎች ቦታ ሊያዩ እንደገና ይመጣሉ አሉ።»

«በሽተኞቹን አሳዩዋቸው፣ ጦይባ። ሌላ ምንም እንዳታቀርቡ።»

ከኋላዋ የቆቦ ገበያ ይንጫጫል። የናቅሁት አገር እንዴት እንደናፈቀኝ አልነግራችሁም፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆየሁ።

«ጦይባ?»

«አንዲት ፍየል አለችኝ» አለች። «ታዲያ ባዶ ቤት ይግቡ እንዴ?»