በሑዳዴ የበላሁት አሳማ

ወሬው የደረሰኝ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ሱቅ ውስጥ፣ በሶ ልገዛ ቆሜ ነው። ከቻይና በተመለስኩ ሰሞን መሆኑ ነው። የጽዋ ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴያችን፣ ደወለች።

«እታለም፣ ፎቶሽን አየነው።»

«የትኛውን?»

«አሳማ ፊት ቾፕስቲክ ይዘሽ የምትስቂበትን! ያውም በሑዳዴ! እሑድ ተራው ያንቺ ነው፤ ሴቶቹ ግን እሷ ቤት እህል አንቀምስም እያሉ ነው። ጽዋው ይለፍሽ?»

ስካርቦሮ ከገባሁ ወዲህ ታምሜ የጠየቀኝ፣ አዝኜ ያስተዛዘነኝ ያ ማኅበር ነው። ጽዋው ካለፈኝ ማን አለኝ? ደግሞ በስልክ ባስረዳ ማን ያምነኛል?

«መጥተው ይዩ» ብዬ ዘጋሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እስከ እሑድ ትንሽ እንዲንጨረጨሩም ፈልጌ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ቻይናዊት ናት። በጸደይ የዘመዶቻቸውን መቃብር የሚጠርጉበት በዓል አላቸው፤ ጠርገው ሲያበቁ ሕዝቡ ገጠር ለገጠር ይዞራል። «የእናቴን መንደር ላሳይሽ» ብላ ወሰደችኝ። ተራራው በእርከን ተሸንሽኖ የጎመን ዘር አበባ ለብሷል፤ ቢጫ በቢጫ። ከላይ ጉም፣ ከታች በቀርከሃው መሐል የሚወርድ ጅረት። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ዳዊቴን በልቤ እየደገምኩ የድንጋዩን ደረጃ ስወጣ፣ አገር ሊያይ የመጣው ሁሉ አበባውን ትቶ እኔን ፎቶ ያነሳ ጀመር።

እናትየዋ ቤት ስንደርስ ቆዳው የቀላ፣ ጮማው የነጣ፣ ንብርብር ያለ አሳማ ቀረበ። አማተብኩ። እናትየዋ ሳቀችና እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝ። የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ላዩ ላይ የሚጋገረውን ስስ ቆዳ ትገፍፋለች፤ አነባብራ በጨርቅ ትጠቀልልና ድንጋይ ትጭንበታለች። ለካ «አሳማው» ይኸው ነው፤ እሷም በሃይማኖቷ ሥጋ አትበላም!

«ሥጋ ተዉ ተባልን እንጂ አያምራችሁ አልተባልንም ትላለች» አለች ልጇ እየተረጎመች።

ገበታው ጋ ተመልሼ ቾፕስቲክ እንደያዝኩ፣ ስቄ ሳልጨርስ ልጇ ፎቶ አነሳችኝ። ኢንተርኔት ላይ ለጠፈችው፤ እኔ ሳልመጣ ቶሮንቶ ገባ።

እሑድ ባልደረባዬ ማልዳ መጣችና ያንኑ ሠራን። ድንጋይ ቢጠፋ በበርበሬ ቆርቆሮ ተጫንነው። የንስሐ አባቴ እንደ መጡ ጓዳ አስገብቼ ሁሉን አሳየኋቸው።

«አባ፣ እስኪቀርብ ዝም ይበሉልኝ።»

ጢማቸውን ዳሰሱ። «ዝምታ ውሸት አይደለም» አሉ።

ሴቶቹ የየራሳቸውን ምሳ ቋጥረው መጡ። ከሽሮውና ከጎመኑ መሐል ያንን ሳስቀምጥ ቤቱ «በስመ አብ!» በሚል ድምፅ ተናወጠ።

ሙሴያችን ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ፣ «አባ፣ ኧረ ይገሥጿት!» አለች።

አባ ባረኩ። ቆረሱ። ጎረሱ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

ከዚያ አኩሪ አተሩን፣ ጨርቁን፣ ቆርቆሮውን አምጥቼ አሳየኋቸው። የተቋጠረው ምሳ እንደተቋጠረ ተመለሰ። ሙሴያችን ግን ደግማ አነሳች፤ ስትወጣም በፎይል የጠቀለለችው ነገር ነበር።

እንግዲህ የዚያን ዕለት ቤቴ የነበራችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የመንደሩ ፎቶዬ እስከ ከተማችን ማዶ ጫፍ፣ እስከ ሬክስዴል ደርሷል። እናንተም ፎይሉ ሲጠቀለል ፎቶ ስታነሱ አይቻለሁ። ያኛውን የላካችሁበት ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ይህንንም ላኩልኝ።