ፋጉሎ እምቢ ያለችው ዓሣ

በደርግ ጊዜ በግብርና ሠራተኛነት መርሳ ስመደብ ስለ ዓሣ የማውቀው ነገር አልነበረም። የወልድያ ልጅ ዓሣን ከየት ታውቃለች? አለቃዬ ግን ለአጭር ሥልጠና ላኩኝና ስመለስ፣ ከመስኖው ቦይ ዳር የተቆፈረውን ኩሬ አሳይተው «በይ እንግዲህ አርቢ» አሉኝ።

ከሐይቅ በበርሜል ካመጣናቸው ቆሮሶ የሚባሉ ዓሦች ግማሾቹ ውርጌሳ ሳንደርስ ሞቱ። የተረፉትን ኩሬው ውስጥ ለቅቄ የኑግ ፋጉሎ እየበተንኩ ጫጩት እስኪጥሉ ጠበቅሁ። ወፍ የለም። በጋው ሲከር ደግሞ ውሃው አነሰ። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ የራሳቸውም ማሳ ያላቸው ሸምገል ያሉ የተከበሩ ሰው፣ የገበሬው ሽንኩርት እየደረቀ ለማይወልድ ዓሣ ውሃ እንደማይሰጡ ቁርጡን ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር። ግን ውሃ ካልገባ ዓሦቼ ማለቃቸው ነው።

በዚያው ሰሞን ትልቋ ዓሣ መብላት ተወች። ፋጉሎ ብበትንላት ዘወር ትላለች፤ ጉንጯም አብጧል። የቢሮ ሰዎች ጾም ይዛ ይሆናል እያሉ ቀለዱብኝ። እኔ ግን ታማለች፣ ሌሎቹንም ሳትጨርስብኝ ላውጣት ብዬ በመረብ ያዝኳትና ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ከተትኳት። ወዲያው ከአፏ ብዙ ጥቃቅን ነገር ተፋች። ትል መሰለኝና ሰውነቴን ወረረኝ። ልደፋው ሳፋውን ዘንበል ሳደርግ ግን አየሁት፤ ትሉ ዓይን አለው፤ ጅራትም አለው።

ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ እንደምትይዝ በሥልጠናው ሰምቻለሁ፤ እህል እንደምትተው ግን ማን ልብ ብሎ! ሳፋውን ቀስ ብዬ አስቀምጬ በነጠላዬ ከፀሐይ ከለልኩት። ዓሣዋ ስትረጋጋ ጫጩቶቹ እየተንጋጉ ወደ አፏ ተመለሱ። ሮጬ ቦዩን ሲጠርጉ የነበሩትን የውሃ አባት ጠራሁ።

ጎንበስ ብለው ሳፋው ውስጥ አዩ።

«ሱብሃነላህ። ልጆቿን ነው እንዲህ የያዘች?»

«አዎ አባባ። እስኪጠነክሩላት ምንም አትቀምስም።»

«አራስ ናታ» አሉ። «አራስማ ውሃ አትከለከልም።»

አካፋቸውን አንስተው የኩሬውን መግቢያ ራሳቸው ከፈቱት። ውሃው ሲንዶቀዶቅ ስሰማ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ ከእፎይታ የተነሣ አለቀስኩ። ከታች ማሳውን ሲያጠጣ የነበረ ገበሬ ውሃው የማን ተራ ተቀንሶ እንደሚሄድ በቁጣ ጠየቃቸው።

«የኔ» አሉት።