ሚስተር ኢንቨንት የሚባል ባለ እጅ

ወልድያ መናኸሪያ ውስጥ ድምፅ ማጉያው በተንኮሻኮሸ ቁጥር ተሳፋሪው መኪና ሊጠራ ነው ብሎ ሻንጣውን ያነሳል፤ እኔ ግን ተመልሼ መርሳ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ሚኒ ሚዲያው ፊት እቆማለሁ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ለእያንዳንዳችን አንድ ግስ ይሰጡን ነበር። ትርጉሙንና ከየት እንደመጣ ፈልገን፣ በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው እናነባለን። ለእኔ «ኢንቨንት» ደረሰኝ። ትርጉሙ አዲስ ነገር መፈልሰፍ እንደሆነ ደብተሬ ላይ አለ። ከየት እንደመጣ የሚናገረው ወፍራም መዝገበ ቃላት ግን በትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዙት ሴትዮ ለቅሶ ብለው ሐራ ሄደዋል።

አባቴ ባለ እጅ ነው። የሀብሩ ገበሬ በእሱ ማረሻ አርሶ እየበላ፣ ዞር ሲል «ቀጥቃጭ» ይለዋል። እኔንም ልጆች ሲጣሉኝ መጀመሪያ የሚወረውሩብኝ ይህችኑ ቃል ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ወናፍ እየነፋሁለት ሳለ ታሪኩ መጣልኝ፤ እንግሊዝ አገር ሚስተር ኢንቨንት የሚባል ቀጥቃጭ ነበር፤ ማንም ያላሰበውን ማረሻ ሠራ፤ አገሩ አከበረው፤ ስሙም ግስ ሆነ።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት፣ ማይኩ ፊት ቆሜ ሳለ፣ ቲቸር ወረቀቴን አንብበው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ይህን ከየት አገኘሽው?»

«ከመዝገበ ቃላት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወላሂ!»

ቃሉ ከአፌ ወጣ። አባቴ እሳት ፊት በጭራሽ አይምልም፤ ገበያተኛ ለዋጋ ሊምል ሲጀምር እንኳ «ተው ወንድሜ፣ የአላህን ስም አታርክስ» ብሎ ያስቆመዋል። እኔ የእሱ ልጅ በውሸት ማልኩ። ማይኩ አፌ ላይ ነበርና ወረቀቴን አነበብኩ፤ ድምፅ ማጉያው ደግሞ አስፋልቱ ዳር፣ አባቴ ብረት እስከሚመታበት ድረስ ይሰማል።

ቤት ስደርስ አባቴ መዶሻውን አስቀምጦ ቆሞ ጠበቀኝ። «ማሻአላህ! ባለ እጅ ይህን ያህል ይከበራል?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር መብረቁ ለእኔ የመጣ እየመሰለኝ አልጋ ሥር እገባለሁ። ብናገር የአባቴ ደስታ ይፈርሳል፤ ዝም ብል አላህ ያያል። አባቴ ደግሞ ማረሻ ሊያስመታ ለመጣ ሁሉ ታሪኩን ይተርካል። በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ «ተወኝ እባክህ፣ የልጅ ወሬ ነው» ብሎ ሳቀበት። የአባቴ ፊት ተለወጠ። ምሎ የማያውቀው ሰው አፉን ከፈተ፤ «ወላ...»

«አባ፣ አይማሉ! እኔ ነኝ የዋሸሁት!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ የጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ ነከረው። ከዚያ እጄን ይዞ ቲቸር ዘንድ ወሰደኝ።

ባለ ቁልፏ ሴትዮ ከለቅሶ ተመልሰው ነበርና ቲቸር ቁም ሣጥኑን አስከፍተው መዝገበ ቃላቱን ገለጡት። ቃሉ ከላቲን የመጣ እንደሆነ፣ ጥንት ትርጉሙ «መድረስ፣ ማግኘት» እንደነበር አነበቡልን። አባቴ «ልክ ነዋ ቲቸር፤ ብረትን ያወረደው አላህ ነው፤ እኛ ደረስንበት እንጂ» አላቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ «ማረሻዬ ስሜ ባይጠራም ያርሳል፤ ሁለተኛ ለእኔ ብለሽ እንዳትምዪ» አለኝ። በማግስቱ በዚያው ሚኒ ሚዲያ ስህተቴን ተናዘዝኩ፤ ልጆቹ ሳቁብኝ፤ እህል ግን ወረደልኝ።

ዛሬ ወልድያ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከስልካቸው ያገኙትን ይዘው ይመጣሉ። «ከየት አመጣችሁት?» ስላቸው ዓይናቸው እንኳ ሳይርገበገብ ይምሉልኛል። እነሱ አይፈሩም፤ እኔ እፈራላቸዋለሁ።

መርሳ ስሄድ አባቴ፣ አሁን መዶሻ ማንሳት የተሳነው ሽማግሌ፣ «ሚስተር ኢንቨንት ደህና ነው ወይ?» ብሎ ይስቅብኛል። «ደህና ነው አባ» እላለሁ፣ እየሳቅኩ። ያ እሱ ጀምሮ ያልጨረሰው መሐላ ግን ጆሮዬ ላይ አለ። ሳቄ ሳያልቅ እጁን ጠበቅ አድርጌ እይዘዋለሁ።